ሕግ አለማወቅ ሰበብ ካልሆነ፣ ሕግ አለማስተማርስ?

አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቃችሁ። "ተጠርጣሪ"፣ "ተከሳሽ"፣ "ጥፋተኛ" እና "ፍርደኛ" በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት የተማራችሁት የት ነው?

ሕግ ያጠና ሰው መልሱ አይቸግረውም። ሌሎቻችን ግን፣ ኢንጂነሩ፣ ነርሷ፣ አካውንታንቱ፣ መምህሩ፣ ጋዜጠኛው፣ ወይ ከፊልም ነው የቃረምነው፣ ወይ ከፌስቡክ፣ አለዚያም ዘመድ ታስሮብን ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ስንመላለስ። ዲግሪ ይዘናል፤ እነዚህን አራት ቃላት ግን ክፍል ውስጥ ያስተማረን የለም።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 81 በበኩሉ ሕግን አለማወቅ ከተጠያቂነት እንደማያድን ይደነግጋል። ዳኛው እንደ ነገሩ ሁኔታ ቅጣት ሊያቀልል፣ እጅግ በተለየ ሁኔታም ጨርሶ ሊተወው ይችላል። ዋናው ደንብ ግን "አላውቅም ነበር" መከላከያ አይሆንም የሚል ነው። ደንቡ ትክክል ነው፤ ባይኖር ኖሮ ሁሉም "አልሰማሁም" እያለ ይወጣ ነበር። ነገር ግን "ማወቅ ነበረብህ" የሚለኝን አካል "መቼና የት አስተማርከኝ?" ብዬ መጠየቅ መብቴ ነው።

ሙግቴ ይህ ነው፦ የወንጀል ሕግ መርሆች ለሕግ ተማሪ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት መሆናቸው መቅረት አለበት። ኮሌጅ የገባ ሁሉ ሊማራቸው ይገባል፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ጋዜጠኛው።

ልብ በሉ፣ የምለው ስለ መርሆቹ ነው። ከ800 በላይ የሆኑትን አንቀጾች ሁሉም ይሸምድድ ማለቴ አይደለም። መርሆቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሕይወታችንን ግን በየቀኑ ይነካሉ።

አንድ ሞት፣ አራት ስም

ከኢምፔሪያል እስከ ገርጂ ባሉት ካፌዎች ማምሻውን ብትቀመጡ፣ አልፎ አልፎ የወንጀል ሕጉን ከማኪያቶው አጠገብ ዘርግቶ የሚያጠና ተማሪ ታገኛላችሁ። ያ ተማሪ አንቀጽ 23 ላይ ደርሶ ከሆነ፣ ከመስኮቱ ውጪ ያለውን መንገድ ከእኛ በተለየ ዓይን ማየት ጀምሯል። አንቀጹ እንደሚለው አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሦስት ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ ነው፦ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች። በቀላል አማርኛ፣ ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ አስቀድሞ መኖር አለበት፤ ድርጊቱ መፈጸም አለበት፤ የአድራጊው የአእምሮ ሁኔታ፣ ማለትም ሐሳቡ ወይም ቸልተኝነቱ፣ መረጋገጥ አለበት።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ኢምፔሪያል ላይ ቀለበት መንገዱን ሲያቋርጥ የነበረ ሰው በመኪና ተገጭቶ ሞተ እንበል። ስልኮች ይወጣሉ፣ ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ ከሥሩ "ገዳይ!" የሚል አስተያየት ይደረደራል። ለተመልካቹ ጉዳዩ አልቋል። ለሕጉ ግን ገና አልተጀመረም፤ ያው አንድ ሞት አራት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላልና።

ሾፌሩ ሟቹን አስቀድሞ አድብቶ፣ ጭካኔውን በሚያሳይ ሁኔታ ገድሎት ከሆነ አንቀጽ 539 ነው፤ ቅጣቱም ዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ነው። እንዲህ ያለ ማክበጃ ሳይኖር አስቦ ገድሎት ከሆነ አንቀጽ 540 ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። ስልክ እያወራ ሳያየው ገጭቶት ከሆነ አንቀጽ 543 ነው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል፣ ቅጣቱም እጅግ የተለየ። የሚጠበቅበትን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጎ እየነዳ ሰውየው ድንገት ዘሎ ገብቶበት ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 57 አለ፤ ንጹሕ አጋጣሚ ወንጀል አይደለም ይላል። አስፋልቱ ላይ የፈሰሰው ደም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ሾፌሩ ጭንቅላት ውስጥ በነበረው ነገርና ያንን በሚያስረዳው ማስረጃ ላይ ነው።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ሕጉ "አልደርስበትም" ብሎ በከንቱ ተስፋ በሚነዳና "የመጣው ይምጣ" ብሎ በሚነዳ ሰው መካከል ይለያል። የመጀመሪያው አደጋውን እያወቀ አይደርስም ብሎ ገምቷል፤ ይህ ቸልተኝነት ነው። ሁለተኛው ሊደርስ የሚችለውን አውቆ ውጤቱን ተቀብሎታል፤ ይህን ሕጉ አስቦ እንደተደረገ ይቆጥረዋል። "የመጣው ይምጣ" የምትለዋን የዕለት ተዕለት አባባላችንን ሕግ ምን ያህል በቁም ነገር እንደሚመዝናት ብናውቅ፣ መሪ ስንጨብጥ የምናስብ ይመስለኛል።

ሲኖትራክን በአንድ ወቅት "ቀይ ሽብር" ብለን ሰይመነው ነበር። ቁጣው ይገባኛል፤ ብዙ ቤት አዝኗል። ስሙ ግን የሾፌርን ቸልተኝነት ከታቀደ ጭፍጨፋ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ይህን የምታደርገው ቋንቋችን ናት፤ ቋንቋችንን የሚያርም ትምህርት ስላላገኘን።

"ወንጀለኛ መቅጫ"

ስለ ቋንቋ ካነሳን የሕጉን ስም እንመልከት። በ1923 ዓ.ም. የወጣውም ሆነ በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ "የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ" ይባል ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን ሥራ ላይ የዋለው፣ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው ሕግ ግን ስሙን ቀይሮ "የወንጀል ሕግ" ሆነ። ለብዙ ሰው ይህ የቃል ጨዋታ ይመስለዋል። አይደለም። "ወንጀለኛ መቅጫ" ሲባል ሰውየው ወንጀለኛ መሆኑ ያለቀ፣ የቀረው መቅጣት ብቻ ይመስላል። የወንጀል ሕግ ግን ከመቅጣቱ በፊት ብዙ ሥራ አለበት፤ ማንን መቅጣት እንደማይቻል መወሰንም አንዱ ነው። ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ለይቶ የማያውቅ ሰው ኃላፊ አይሆንም። ራሱን ከሕገ ወጥ ጥቃት በተመጣጣኝ መንገድ የተከላከለ ሰው አይቀጣም። የሕጉ ግማሽ አካል ጋሻ ነው፤ እኛ የምናውቀው ጎራዴውን ብቻ ነው።

እስከ ዛሬ መንገድ ላይም፣ አንዳንዴም ስቱዲዮ ውስጥ፣ "በወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መሠረት" የሚል ሰው እሰማለሁ። ሕጉ ስሙን ከለወጠ ሃያ ዓመት አለፈ፤ ጭንቅላታችን አልለወጠም።

የ1967 ኅዳርና የ1999 ታኅሣሥ

"ይህ ሁሉ የሕግ ሰዎች ቅንጦት ነው" ለሚል፣ መርህ ሲጠፋ የሚሆነውን አገራችን በደም ተምራለች።

የመጀመሪያው መርህ የሕጋዊነት መርህ ነው፤ በሕጉ አንቀጽ 2፣ በሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 22 ላይ ይገኛል። አስቀድሞ በሕግ ወንጀል ተብሎ ያልተደነገገን ድርጊት ፍርድ ቤት ወንጀል ሊለው አይችልም። ሕግም ወደ ኋላ ሄዶ አይቀጣም፤ ወደ ኋላ የሚሠራው ተከሳሹን የሚጠቅም ሲሆን ብቻ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ 60 ገደማ የሚሆኑ ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ረሸነ። ክስ አልቀረበም፣ ምስክር አልተሰማም፣ ዳኛ አልተሰየመም። "ፖለቲካዊ ውሳኔ" ተባለ፤ ሬዲዮ ነገረን፤ ያጨበጨበም ነበር። ከሟቾቹ መካከል በእርግጥ የሚጠየቅ ጥፋት የነበረበት ሰው ሊኖር ይችላል። ዛሬ ግን ማን ምን እንዳጠፋ በፍርድ ተረጋግጦ አናውቅም፤ ወደፊትም አናውቅም። መርህ የተገደለ ዕለት እውነትም አብራ ትቀበራለች።

አሁን ሌላኛውን ቀን ተመልከቱ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምንና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። ክሱ መታየት ከጀመረ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። ዓቃቤ ሕግ የተመሠረተው በየትኛው ሕግ ላይ ነበር? ኢሕአዴግ ገብቶ ባወጣው አዲስ ሕግ ላይ አልነበረም። በ1949ኙ፣ በንጉሡ ዘመን በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ነበር። የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት ያ ሕግ ከ1948ቱ (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ስምምነት አንድ እርምጃ አልፎ፣ በፖለቲካ ቡድን ላይ የሚደረግን ጭፍጨፋም ይከለክል ነበር። ወንጀሉ ሲፈጸም ሕጉ መጽሐፉ ውስጥ ነበር። ገዳዮቹ "ያኔ ሕግ አልነበረም" ሊሉ ያልቻሉት ለዚህ ነው።

ሁለቱን ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ አስተምሩ፤ አንድ የ18 ዓመት ልጅ የሕጋዊነት መርህን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

የራስ ሰው ሲሆን መርህ፣ የሌላ ሲሆን ጭብጨባ

ወደ ሙያዬ ልመለስ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይናገራል። ይህ መርህ በዋናነት የሚፈርሰው ካሜራ ፊት ነው።

በኅዳር 2004 ዓ.ም. "አኬልዳማ" የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም በኢቲቪ ሲተላለፍ እነ አንዱዓለም አራጌና እስክንድር ነጋ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ላይ ነበር። በጥር 2005 ዓ.ም. "ጂሃዳዊ ሐረካት" ሲተላለፍም የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ክስ ገና አልተቋጨም። ያኔ ብዙዎቻችን፣ በትክክል፣ "ሰው ሳይፈረድበት እንዴት በቴሌቪዥን ይፈረድበታል?" ብለን ተቆጣን።

ከዚያ ኅዳር 2011 መጣ። የሜቴክ የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ታዩ፤ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልሞችም ተለቀቁ። ክስ ገና አልተመሠረተም ነበር። ትናንት "አኬልዳማ"ን ያወገዝን ብዙዎች በዚያ ቀን አጨበጨብን። "ይበላቸው!" ተባለ።

ስለ ሰውየው ጥፋት ወይም ንጽሕና አሁን የምለው የለኝም፤ ነገሩም እሱ አይደለም። ነገሩ የእኛ መለኪያ ነው። መርህ ማለት ለማትወደው ሰውም የምትቆምለት ማለት ነው። ለወዳጅ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ስሙ ወገንተኝነት ነው። ይህን ልዩነት በትምህርት ያላገኘ ሕዝብ መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ጭብጨባውን ይቀይራል እንጂ ካቴናውን አይጠይቅም።

እኔ ጋዜጠኝነት በተማርኩበት ክፍል የሚዲያ ሕግ የሚባል ኮርስ ነበር። ስለ ስም ማጥፋት፣ ስለ ቅጂ መብት፣ ስለ ፈቃድ አሰጣጥ ተምረናል። "ፖሊስ አንድን ሰው ያዝኩ ካለህ በምን ስም ትጠራዋለህ?" የሚለው ጥያቄ ግን ያንን ኮርስ አልነካውም። ውጤቱን በየዜናው እናየዋለን፦ "ወንጀለኞቹ በቁጥጥር ሥር ዋሉ"። ወንጀለኞቹ? ማን ፈረደ? ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር "ተጠርጣሪዎቹ" የሚል አንድ ቃል ነው የሚፈልገው። በአንድ ቃል ስህተት ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ትምህርት ቤት "የሌባ ልጅ" ተብለው ይጠራሉ፤ አባትየው ከስድስት ወር በኋላ በነጻ ቢሰናበት ያንን ዜና የሚያነበው የለም።

ሌባሻይ በስልክ

አያቶቻችን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበራቸው። ዕቃ ሲጠፋ አንድን ልጅ የሚያሰክር ነገር ያጠጡትና ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ማስረጃ የለም፣ መከላከያ የለም፤ ጣት ብቻ ነው ያለው። ዛሬ ስንሰማው እንስቃለን። ግን ፎቶ ለጥፎ "ይህን ሰው ሼር አድርጉ፣ ሌባ ነው" ከሚለው ፖስት በምን ይለያል? ልጁን ስልክ ተካው፤ የሰከርነው እኛ ነን።

ይህ ደግሞ ስም በማጥፋት ብቻ አያበቃም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ አንድ ሰው "ቦምብ ይዟል" በሚል ወሬ በአደባባይ ተገድሎ ተሰቀለ፤ ቦምብ አልተገኘም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች "ልጆቻችንን ሊመርዙ ነው" በሚል ወሬ ተገደሉ። በሁለቱም ቦታ ወሬው ክስ፣ ሕዝቡ ዳኛ፣ ድንጋዩ ፍርድ ነበር።

ሌላም አለ። ደም መመለስ አሁንም በየገጠሩ አልጠፋም፤ ገዳዩ ሲታጣ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ይገደላል። የወንጀል ሕግ ግን ሰው የሚጠየቀው በራሱ ድርጊትና በራሱ ሐሳብ ነው ይላል፤ ጥፋት በሥጋ አይተላለፍም። በፖለቲካችንም ያው ደም መመለስ ሱፍ ለብሶ ይዞራል፦ አንድ ሰው ሲያጠፋ ብሔሩ ይከሰሳል። "እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው" የሚለው ዓረፍተ ነገር የዚያው የደም መላሽ ሎጂክ ነው፤ ዲግሪ ባለው ሰው አፍ ሲነገር ደግሞ የባሰ ያሳፍራል።

"ፖሊስ የማያከብረውን ተማሪ ቢያውቀው ምን ይፈይዳል?"

ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ጠንካራው ይህ ነው። እውነት አለው። የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ ይላል፤ ሁሌ ይቀርባል? በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ግን 14 ሲደመር 14 ሲደመር 14 ወራት እንደሚሆን ችሎት የተመላለሰ ሁሉ ያውቃል። ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቅዶ ፖሊስ "አልለቅም" ያለባቸውን ጉዳዮችም በዜና ሰምተናል። እነዚህን የሚያደርጉት ሰዎች ሕጉን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም።

ግን አንድ ነገር እናስተውል። መርህ በቀላሉ የሚጣሰው መጣሱን የሚያውቅ ሲጠፋ ነው። 48ኛው ሰዓት ማለፉን እናት ካላወቀች፣ ጎረቤት ካላወቀ፣ ሪፖርተሩ ካላወቀ፣ ማን ይጠይቃል? "ያለ ነገርማ አልታሰረም" የሚል ሰፈር ውስጥ ጠበቃ ብቻውን ምን ያደርጋል? የሕዝብ ዕውቀት ጉልበተኛን በአንድ ሌሊት አያስቆምም፤ የጉልበተኛን ሥራ ግን ውድ ያደርግበታል።

"ሌባ ሕግ ቢማር ብልጥ ሌባ ይሆናል" የሚሉም አሉ። ሌባ የሚፈልገውን ከጓደኛው ተምሯል። ያልተማረው የተሰረቀበትና በሐሰት የተጠረጠረው ነው።

ምን ይደረግ?

የማነሳው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ይወስዳሉ፤ ሎጂክ አለ፣ የሥነ ምግባርና ዜግነት ትምህርት አለ። በዜግነት ትምህርቱ ውስጥ ለወንጀል ሕግ መርሆች አራት ወይም አምስት ሳምንት ይሰጥ፦ ሕጋዊነት፣ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት፣ የወንጀል ሦስቱ ፍሬ ነገሮች፣ የግል ኃላፊነት፣ ራስን መከላከል፣ ሲታሰሩ ያሉ መብቶች። የግል ኮሌጆችም ያው ይደረግላቸው። በጋዜጠኝነት ክፍሎች ደግሞ ራሱን የቻለ ኮርስ ይሁን፤ ተማሪው ችሎት ተቀምጦ ሳይዘግብ አይመረቅ።

ሁለተኛ፣ በአማርኛም ይሁን በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይሰጥ። የሕግ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው የተወለደው። በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት መምህራኑ በአብዛኛው የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ እዚያ ያስተማሩት ፊሊፕ ግራቨን ስለ ወንጀል ሕጋችን የጻፉት ቀዳሚ መጽሐፍም በእንግሊዝኛ ነበር። ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ የፌዴራል ችሎትም የሚያስችለው በአማርኛ ነው። ተማሪው በእንግሊዝኛ ተምሮ በአማርኛ ይሟገታል። ሕግ ላልተማረው ሕዝብ ደግሞ "ግዙፋዊ ፍሬ ነገር" የሚለው ቃል ራሱ ትርጉም ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፣ ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ መግለጫ ሲሰጡ አራቱን ቃላት በቦታቸው ይጠቀሙ፤ እኛም በተሳሳተ ቁጥር አርመን እንዘግብ።

አገራችን ለዚህ ባዳ አይደለችም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ "በሕግ አምላክ!" ካለ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር። ውሃውን ያቆመው የፖሊስ ዱላ አልነበረም፤ ባለጉዳዩም መንገደኛውም የቃሉን ክብደት እኩል ማወቃቸው ነበር። ያ የጋራ ዕውቀት ተሸርሽሯል። ዛሬ መልሰን የምናገኘው ክፍል ውስጥ፣ ገና በ18 ዓመት፣ በአራት ቃላት ጀምረን ነው፦ ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ፣ ፍርደኛ። በቅደም ተከተላቸው።